እውነቱን አንቺ ተናገርሽ፤ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምኖረው አንዲት የማራቲ እናት ቤት ክፍል ተከራይቼ ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸውም ርቀዋል። "ካኩ" እላቸዋለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ አክስቴ እንደማለት ነው። በየወሩ ጨረቃ ስትሞላ ቤታቸው የሳትያናራያን ጸሎት ያደርጋሉ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ረጅም ተረክ ይነበባል። እኔ ቋንቋው ስለማይገባኝ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ።

ካኩ ሰፈራቸው ያለ የዮጋ ትምህርት ወሰዱኝ። አስተማሪው ስለ ሳትያ፣ ማለትም ስለ እውነተኛነት፣ ብዙ ነገረን። ልቤ ተነካ። አርባ ቀን ሙሉ አንድም ውሸት ከአፌ ላይወጣ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገና ነበርና የእኛ ልጆች ተሰባሰብን። ዶሮውን የሠራችው የቅርብ ጓደኛዬ ናት። "እንዴት ነው?" ስትለኝ "ጨው በዝቶበታል፣ ሽንኩርቱም አልበሰለም" አልኳት። ሰው ሳቀ። ቆይታ የእጮኛዋን ፎቶ ስታሳየን ደግሞ "ይሄ ሰውዬ የሚወደው ብርሽን ነው" አልኩ። ሦስቴ ተበድሯት አንዴም እንዳልመለሰ ራሷ ነግራኛለች። አሥር ሰው ነበር። እያለቀሰች ወጣች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ስልኬን አታነሳም፣ ዋትሳፕ ላይም ብሎክ አድርጋኛለች። ሌሎቹ ሳይቀሩ "እውነቷ መጣች" እያሉ ያሾፉብኛል።

እኔ አልዋሸሁም። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባል የለ? ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

በነገራችን ላይ፣ ካኩ ከጸሎቱ በኋላ የሚያድሉትን ጣፋጭ መብላቴ ኃጢአት ይሆን? ደግሞ ከጉዳዩ ጋር ባይገናኝም፣ ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ወድቄያለሁ። የሚያስተምረኝ ዱባይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። እንዳይጨነቅ ብዬ በደወለ ቁጥር "ሁሉም ጥሩ ነው" እለዋለሁ። የሚቀጥለውን ክፍያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይልካል።

ቀጥተኛዋ ነኝ፣ ከፑኔ»

ውድ ቀጥተኛዋ፣

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። በበዓል ቀን፣ በሰው ፊት፣ ዶሮ ለሠራች ሴት «ሽንኩርቱ አልበሰለም» ማለት! ስለ ወጡ ብቻ የተናገርሽ መስሎሻል፤ እሷ የሰማችው ግን ሙያ የለሽም የሚለውን ነው። ሁለተኛ ሳነበው «ከጉዳዩ ጋር ባይገናኝም» ያልሽው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እመለስበታለሁ።

እኔ ሂንዱ አይደለሁም። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ዴልሂ ተምሬያለሁ፣ የማውቀውን የማውቀው በእንግዳ ዓይን ነው። ካኩ ሻይ አፍልተው ቢያስረዱሽ ከእኔ የተሻለ ይነግሩሻል። ጠይቂያቸው፤ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

ሳትያ የሚለው ቃል «ሳት» ከሚል የሳንስክሪት ሥር የወጣ ነው። ሳት ማለት ያለ፣ በእርግጥ የሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሳትያ ያዝኩ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «የምትታየውን ነህ ወይ?» ተብሎ ነው። ስለ ሰው የተናገረው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አስተማሪሽ ትምህርቱን የወሰደው ጥንታዊ የዮጋ መመሪያ ከሆነው ከፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ ይመስለኛል። እዚያ «ያማ» የሚባሉ አምስት መታቀቦች በተራ ተደርድረዋል። አንደኛው አሂምሳ ነው፣ ማንንም አለመጉዳት። ሳትያ ሁለተኛ ነው። አለመስረቅ፣ ሥጋን መግዛትና አለመስገብገብ ይከተላሉ። የቪያሳ ነው የሚባለው ጥንታዊ ማብራሪያ ደግሞ ነገሩን ያጠብቀዋል፦ ንግግር የተሰጠን ፍጥረትን እንዲጠቅም ነው፣ የሚጎዳ ከሆነ እውነት ቢመስልም እውነት አይባልም ይላል። አንቺ ምድር ቤቱን ሳትሠሪ አንደኛ ፎቅ ላይ ወጣሽ።

ማሃባራታ በሚባለው ረጅም ጥንታዊ የህንድ ተረክ ውስጥ ካውሺካ የሚባል መናኝ አለ። ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከመንደር ብዙም ሳይርቅ ይኖራል። ትምህርቱ እምብዛም ነው። ሁልጊዜ እውነት ልናገር ብሎ ተስሏል፣ በዚያም ስሙ ገኗል። አንድ ቀን ሰዎች ወንበዴ አባሯቸው እየሮጡ መጥተው አጠገቡ ያለ ጫካ ገቡ። ወንበዴዎቹ ደረሱ። «አንተ እውነት ተናጋሪ ነህ፤ በየት በኩል ሄዱ?» አሉት። ነገራቸው። ገብተው ፈጇቸው። ካውሺካ አንዲት ቃል ሳይዋሽ ሲኦል ወረደ ይላል ታሪኩ።

ይህን የሚተርከው አምላካቸው ክሪሽና ነው። ለማን ቢሉ ለጦረኛው ለአርጁና፤ መቼ ቢሉ፣ አርጁና መሐላዬን አላፈርስም ብሎ በገዛ ታላቅ ወንድሙ ላይ ሰይፍ በመዘዘባት ሰዓት። ለቃሉ መታመኑ የሚያኮራው ሰው ነበር አርጁናም። ክሪሽና ግን እንደ ሕፃን ልጅ ገሠጸው።

እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ስሰማ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሂሳቡን ማን ከፈለ? ካውሺካ ስሙን ጠበቀ። የከፈሉት ጫካ ውስጥ የተደበቁት ናቸው። የገና ዕለት አንቺ አሥራ ሁለተኛ ቀንሽን በንጽሕና ቆጠርሽ፤ ሂሳቡን ጓደኛሽ ከፈለች፣ ያውም አሥር ሰው ፊት።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን እዪ። ቻንዶጊያ ኡፓኒሻድ በሚባለው ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ ሳትያካማ የሚባል ልጅ አለ። ስሙ ራሱ «እውነትን የሚሻ» እንደማለት ነው። መምህር ዘንድ ሄዶ መማር ፈለገ። የዚያን ጊዜ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘርን ነው። ልጁ እናቱን «የማን ዘር ነኝ?» አላት። እናቱ ጃባላ ትባላለች። «ልጄ፣ አላውቅም። በወጣትነቴ እያገለገልኩ ብዙ ቦታ ስዞር ነው አንተን ያገኘሁህ። እኔ ጃባላ ነኝ፣ አንተም ሳትያካማ ነህ። ሳትያካማ ጃባላ ነኝ በል» አለችው።

ልጁ ሄደ። ጋውታማ የሚባለው መምህር ጠየቀው። እናቱ ያለችውን አንድ ቃል ሳያጎድል ነገረው። የአባትህ ስም ማነው ተብሎ የሚመልሰው ያጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። መምህሩ ግን «ይህን ብራህማን፣ ማለትም ከካህናት ወገን፣ ያልሆነ ሰው አይናገረውም። ማገዶ አምጣ ልጄ፣ እቀበልሃለሁ። ከእውነት አልራቅክም» አለው። ከዚያ 400 ከሲታ ላሞች ሰጠው። ልጁም ሺህ ሳይሞሉ አልመለስም ብሎ ነድቷቸው ሄደ።

እኔን ከልጁ ይልቅ የምትደንቀኝ እናቱ ናት። አንድ የአባት ስም ፈጥራ ልትነግረው ትችል ነበር። ማን ያጣራል? ውርደቱን በራሷ ላይ ወሰደችው። እሷም ሆነች ልጁ የገለጡት የራሳቸውን ገመና ነው።

ጋንዲም እንዲሁ። አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ከወንድሙ የወርቅ አምባር ትንሽ ቆርጦ ሰረቀ፤ ወንድሙ የነበረበትን ወደ 25 ሩፒ ዕዳ ለመዝጋት ነው። ዕዳው ተከፈለ፣ ሕሊናው ግን እረፍት አጣ። በአፉ መናገር ስላቃተው ወረቀት ላይ ጻፈው። አባቱ ታመው ተኝተው ነበር። ወረቀቱን ሰጣቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። አባትየው ቀና ብለው አነበቡ። እንባቸው ወርዶ ወረቀቱን አራሰው። ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ወረቀቱን ቀደዱት፣ ተመልሰው ተኙ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁ ቁጣ ነበር የጠበቀው። ኋላ በሕይወት ታሪኩ ሲጽፈው የአሂምሳ ትምህርት የሆነኝ ይህ ነው ይላል። አየሽ? አለመጉዳትን የተማረው የራሱን እውነት በተናገረባት ቀን ነው።

የንጉሥ ሃሪሽቻንድራን ታሪክ ካኩ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። እውነተኛ ሰው ሲባል ህንዶች ቀድመው የሚጠሩት እሱን ነው። ቃሉን ላለማጠፍ መንግሥቱን ለጠቢቡ ቪሽዋሚትራ ሰጠ። የቀረውን ዕዳ ለመክፈል ቫራናሲ ላይ ሚስቱንና ልጁን ሸጠ፣ ራሱም ለሬሳ ማቃጠያ ባለቤት ተሸጠ። ልጁ በእባብ ተነድፎ ሲሞት እናትየው ሬሳውን ታቅፋ መጣች፣ እሱም የማቃጠያውን ክፍያ ጠየቃት። መጨረሻው ያምራል፤ አማልክቱ ይደርሳሉ፣ ልጁም ይነሳል። በንጉሡ ስም የሚጠራው የሬሳ ማቃጠያ ዛሬም ጋንጀስ ዳር አለ። ተማሪ ሆኜ ሄጄ ደረጃው ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ። ጭሱ ከነጠላዬ ለመልቀቅ ሁለት እጥበት ፈጀ። ከንጉሡ ጋር የተጣላሁት እዚያ ነው። ሚስቱ ራሷ «ሽጠኝ» አለችው የሚልም አለ። እሺ ይሁን። ልጁንስ ማን ጠየቀው? ይህን ደፍሬ የነገርኳቸው አንዳንድ ህንዳውያን ተቆጥተውኛል። አንዲት እናት ግን ራሷን ነቅንቃ ዝም አለችኝ።

ወደ አንቺ ልመለስ። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ህንዳውያን በቃላቸው የሚሉት አባባል አለ። እውነት ተናገር፤ ደስ የሚያሰኝ ተናገር፤ ደስ የማያሰኝ እውነት አትናገር፤ ደስ የሚያሰኝ ውሸትም አትናገር። ሦስተኛውን ብቻ ብትወስጂው የእኛው ይሉኝታ ነው፤ ሰው እንዳይከፋው ዝም በይ። እኔ ለብቻው አልወደውም፣ ብዙ ግፍ በዝምታ ያለፈው በእሱ ስም ነው። አራተኛው ግን ይሉኝታን ራሱን ይይዘዋል።

አሁን አንቺን በዚህ ሚዛን ላስቀምጥሽ። ለጓደኛሽ ደስ የማያሰኝ እውነት ተናገርሽ። ለወንድምሽ ደስ የሚያሰኝ ውሸት ተናገርሽ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም።

ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛ ቀንሽ መሆኑ ነው። ወንድምሽ በዚህ መሃል ስንት ጊዜ ደወለ?

«ሁሉም ጥሩ ነው» ውሸት አይደለም ትይኝ ይሆናል። ጤናሽ ደህና ነው፣ ካኩ ደግ ናቸው፣ ስለ ኮርሱ ደግሞ እሱ አልጠየቀም። እንዲህ ያለውንም ነገር ማሃባራታ ያውቀዋል። የአርጁና ታላቅ ወንድም ዩዲሽቲራ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም ይባላል። ከእውነተኛነቱ የተነሣ ሠረገላው ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር የሚሄደው። በጦርነቱ ጊዜ መምህሩ ድሮና በጠላት ወገን ተሰለፈና የሚችለው ጠፋ። መሣሪያ የሚጥለው ልጁ አሽዋታማ ሞተ ሲባል ብቻ ነው። የዩዲሽቲራ ወንድም ቢማ አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ገደለና «አሽዋታማን ገደልኩት!» ብሎ ጮኸ። ድሮና አላመነም፣ ዩዲሽቲራን ጠየቀ፣ እሱ አይዋሽማ። ዩዲሽቲራ ጮክ ብሎ «አሽዋታማ ሞቷል» አለ። «ዝሆኑ» የምትለዋን በለሆሳስ አስከተላት። ሰምና ወርቅ በለመደ ጆሮ ሲሰማ እንዴት ያለች ብልጠት ናት! ድሮና መሣሪያውን ጣለ፣ ተገደለም። የዩዲሽቲራ ሠረገላ ግን በዚያው ቅጽበት እንደማንኛውም ሠረገላ መሬት ነካ።

የአንቺ «ሁሉም ጥሩ ነው» ያቺ «ዝሆኑ» ናት።

በየወሩ ጥግ ይዘሽ የምትሰሚው፣ ግን የማይገባሽ ተረክስ? አራት ማዕዘኑ ላይ የሙዝ ግንድ የታሰረበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ፊት የሚነበበው። ከክፍሎቹ አንዱ ስለ ነጋዴ ነው። ልጅ ከወለድኩ የሳትያናራያንን፣ የእውነት ጌታ የሆነውን የአምላኩን የቪሽኑን ጸሎት አደርጋለሁ ብሎ ተሳለ። ሴት ልጅ ተወለደች። ስእለቱን ስትዳር አደርሳለሁ አለ። ተዳረች። አሁንም ረሳው። ኋላ ሰው አገር ሄዶ በሌብነት ተከሶ ታሰረ። ሚስቱ እቤት ጸሎቱን ስታደርስለት ተፈታ፣ ሀብቱም ተመለሰለት፣ ጀልባውን ሞልቶ ወደ አገሩ ሲጓዝ አንድ መናኝ ዳር ላይ ቆሞ «ምን ጭነሃል?» አለው። የሚለምነው መስሎት «ቅጠልና ሐረግ ነው» አለ። «እንዳልከው ይሁን» አለ መናኙ። ጀልባው ቀለል ብሎ ከውሃው ከፍ አለ። ሄዶ ሲያይ ወርቁ የለም፤ ቅጠልና ሐረግ ነው። እያለቀሰ ተመልሶ ይቅርታ ለመነ፣ ሀብቱም ተመለሰለት።

እኔ ይህን ሳነብ ወንድምሽ ነው የታየኝ። ዱባይ በዚያ ሙቀት ለፍቶ ያጠራቀመውን ይልካል። እሱ የሚልከው ወርቅ ነው፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አያውቅም። የሁለቱ ኮርስ ባክሎግ፣ ማለትም ወድቀሽ ያላለፍሻቸው ኮርሶች ዕዳ፣ ምን ያህል ጊዜና ብር እንደሚጨምር አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። ሂሳቡን ግን እሱ ይከፍላል። እንዳይጨነቅ ብለሽ ነው ብለሻል። አምንሻለሁ፣ ግማሹን። ሌላው ግማሽ እንዳትዋረጂ ነው።

ስለዚህ ምን ታደርጊ? በመጀመሪያ ዮጋ አስተማሪሽ ያላለውን አርባ ቀን ተይው፤ ቆጠራ ሰውን ያኮራል። ጋንዲ ሰኞ ሰኞ አይናገርም ነበር። አንቺም ከጓደኞችሽ ጋር ስትሆኚ አንድ ምሽት ካልተጠየቅሽ በቀር ስለ ሰው አንድም ነገር ሳትናገሪ ሞክሪ። ከባድ ነው፤ እኔ ሞክሬው ሻይ ሳይቀዳ ነው ያፈረስኩት።

ለጓደኛሽ ጻፊላት። ያልኩት ውሸት ነው አትበያት፤ ባታምኚውማ አንቺም አልተናገርሽውም ነበር። ስለ ብድሩ ለብቻሽ አምናሽ የነገረችሽን ሰው ፊት ማውጣትሽን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው። ይህ ደግሞ ከሽንኩርቱ ይብሳል። ብሎክ ስላደረገችሽ በወረቀት ይሁን፣ በሰው እጅ ይድረሳት። ስለ ሰውዬው የምትፈሪላት ነገር ካለ፣ ጠይቃሽ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይደርሳል። ላትጠይቅሽም ትችላለች።

ጣፋጩን በሚመለከት፣ እሱን ለንስሐ አባትሽ ተይው፤ የእኔ አይደለም። ላለመብላት ከወሰንሽ ግን ሆዴን አሞኛል እንዳትያቸው። «በእኛ ሃይማኖት አይፈቀድልኝም ካኩ፣ ግን አመሰግናለሁ» በያቸው። ሱጂውን፣ ማለትም የስንዴ ቅንጬ የሚመስለውን ሸካራ ዱቄት፣ በንጥር ቅቤ ሲጠብሱ፣ ወተቱን ሲያፈሱ፣ ሙዙን ሲከትፉ አጠገባቸው ቆሚ። እያንዳንዱን አንድ ከሩብ እየሰፈሩ ነው የሚያደርጉት፤ መስፈሪያውን ያዢላቸው።

ወንድምሽን ግን ብሩን ሳይልክ ደውዪለት። ከላከ በኋላ ከነገርሽው ሌላ ነገር ይሆናል። በአፍሽ ካቃተሽ እንደ ልጁ ጋንዲ ጻፊው፤ ግን ስልኩን ይዘሽ እስኪያነብ ጠብቂ። የወደቅሽውን የኮርሶቹን ስም፣ ድጋሚ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያስከፍል ለይተሽ ንገሪው። ምክንያት አታብዢ። ቢቆጣም መብቱ ነው፣ ዝም ብለሽ ስሚው።

ፑኔ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዱባይ ሁለት ሰዓት ነው። ከሥራ ገብቶ ራቱን የሚበላበት ሰዓት ነው መሰለኝ። እስኪበላ ጠብቂው።